የሚከፍለው ሌባ

ሰኞ ጠዋት ጉልበቴን ስለሚያመኝ ሰኞ ጠዋት ሰው ባይመጣብኝ ደስ ይለኛል። ግን ይመጣል። በእኛ የናይሮቢ ፖሊስ ጣቢያ አማርኛ የምሰማ መርማሪ እኔ ብቻ ነኝ። የሞያሌ ልጅ ነኝ፣ በኬንያ በኩል ያለው ሞያሌ፤ እናቴ ግን ከወዲያኛው ናት። ስለዚህ አንድ ሐበሻ በሩ ላይ ከታየ ምን ሆነህ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ «ወደ ኢንስፔክተር ሚልኬሳ!» ይባላል። ፓስፖርት የጠፋበት፣ ከአከራዩ የተጣላ፣ ባሏ የጠፋባት፣ ሁሉም የእኔ ነው። ጡረታዬን እንደ ማታቱ ታክሲ ነው የምጠብቀው፤ መጣ ስል ሞልቶ ያልፈኛል።

የዚያን ሰኞ የመጣችው ሴት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሳ፣ ሰማያዊ አቃፊ ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር።

«ተሰርቄያለሁ» አለች፣ ገና ሳትቀመጥ።

«ምንሽን?»

«ስሜን።»

በሆዴ ኤጭ አልኩ። ቦርሳ ቢሰረቅ ይፈለጋል። ስም ምን ተብሎ ይፈለጋል?

ፍቅርተ ትባላለች። የሒሳብ ባለሙያ ናት። ትሠራበት የነበረው የእርዳታ ድርጅት ባለፈው ዓመት ገንዘቡ ተቋርጦ ተዘጋ። ከብዙ ልመና በኋላ ፓርክላንድስ ያለ ሌላ ድርጅት በሒሳብ ክፍል ኃላፊነት ሊቀጥራት ተስማማ። የቀረው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ብድር ወስዳ ያልከፈለችው እንደሌለ የሚያረጋግጥ፣ ከብድር መረጃ ቢሮ የሚወጣ። እዚህ አገር አበዳሪ ሁሉ ማን በጊዜው እንደከፈለ፣ ማን እንደቀረ ለዚያ ቢሮ፣ ለሲአርቢ፣ ያስታውቃል። ሰው «ሲአርቢ ገብቷል» ከተባለ አበቃለት፤ ባንክ አያናግረውም፣ ቀጣሪም ፊቱን ያዞርበታል። ፍቅርተ ወረቀቱን ልታወጣ ብትሄድ፣ ከአንድ የስልክ አበዳሪ ተበድራ ያልከፈለች ሆና አገኘችው።

«እኔ በሕይወቴ ከጎረቤት ጨው ተበድሬ አላውቅም፣ ጋሼ!» አለች። «እስከ ዓርብ ካላመጣሁ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። የሥራ ፈቃዴ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ልጄ ሀሴት ፎርም ፎር ናት፤ የሁለተኛ ደረጃ ማብቂያ ፈተናዋን ሳትፈተን ውጡ ልንባል ነው።»

«ይሄን ሪፖርት ከዚህ በፊት አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«ለምን አያለሁ? ካልተበደርኩ!»

«በዓመት አንዴ በነጻ ይሰጣሉ እኮ።»

«አሁን ነው የሚነግሩኝ?» ብላ አፈጠጠችብኝ። ከዚያ ተከዘች። «ጥንቃቄስ ከሆነ እኔን የሚያህል የለም። በሴቶች ቀን ስብሰባ ላይ ስለ ስልክ ማጭበርበር አስተማሩን። በማግስቱ ሄጄ በመታወቂያዬ የተመዘገቡ የማላውቃቸውን መስመሮች ሁሉ አስዘጋሁ። ከእኔ በላይ ምን ይደረግ?»

«ደግ አድርገሻል» አልኳት።

አቃፊውን ገለጥኩት። ቀዩ መስመር ጉልህ ነው፤ ያልተከፈለ፣ ከማርች ጀምሮ፣ ቅጣት የተጨመረበት። ጣቴን ከፍ አድርጌ ከላዩ ያለውን አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩት፣ መነጽሬን ጠርጌ።

«ይሄንን አይተሽዋል? ከማርች በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ተወስዶ በየቀኑ ተከፍሏል። አንድም ቀን አልዘገየም።»

«እኔ ያየሁት ቀዩን ነው።»

«ሌባ ይከፍላል እንዴ?»

አቃፊውን ወደ ራሷ ሳበች። የምትፈልገው ማጭበርበር ተፈጽሞባታል የሚል የፖሊስ ወረቀት ነው። እሱን ካቀረበች ቢሮው ስሟን ያነሳላታል። ግን ማን እንደሆነ ሳላውቅ እንዲህ ያለ ነገር አልፈርምም፤ ሰነፍ ልሆን እችላለሁ፣ ቀጣፊ ግን አይደለሁም። ማንን ትጠረጥሪያለሽ ብላት አንድ ስም ወረወረች፤ የቀድሞ ባሏን፣ ዘርይሁንን።

*

ዘርይሁን አየር ማረፊያ ጭነት ክፍል ነው የሚሠራው። ከሠራተኞቹ ሻይ ቤት አገኘሁት። መልከ መልካም ነው፣ ዓይኑ ግን ከስልኩ አይነቀልም፤ የእግር ኳስ ውርርድ ነው የሚያየው። መታወቂያዋን ያውቃል፣ ገንዘብ ይቸግረዋል፣ ከእሷ ጋር ተኳርፏል። እንዲህ ያለ ተጠርጣሪ ሲገኝ መርማሪ ደስ ይለዋል። እኔም ትንሽ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

የመጣሁበትን ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ።

«ፍቅርተ ሲአርቢ ገባች? ፍቅርተ?»

«አንተ በስሟ ተበድረህ ነው ትላለች።»

«ሁለት ዓመት የት እንደነበርኩ አልነገረችዎትም? ዱባይ ነበርኩ። የተመለስኩት በኤፕሪል ነው፤ አለቃዬን ይጠይቁ።» አለቃው አጠገባችን ሻይ ይጠጣ ነበርና በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ዘርይሁን ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ደግሞስ ጋሼ፣ እኔ ብወስደው በየቀኑ እከፍላለሁ? እኔን ይዩኝ እስቲ! የራሴን ብድር ያልከፈልኩ ሰውዬ የእሷን ልከፍል?»

እውነቱን ነው። ደስታዬ እዚያው ሻይ ቤት ቀረ።

ስነሳ እጄን ያዝ አደረገኝ። ሳቁ ጠፍቷል።

«ሀሴት ትፈተናለች አይደል?» አለኝ።

«እናትዋ እዚህ ከቆየች።»

«እንግዲያው ቶሎ ፈልጉት» አለ፣ ወደ ሌላ እያየ።

*

ማክሰኞም ረቡዕም በደብዳቤ አለቀ። አበዳሪው ድርጅት ብድሩ የተወሰደበትን የስልክ ቁጥር ለመስጠት ማኅተም ፈለገ፤ ማኅተሙ ያለው አለቃዬ ጋ ነው፤ አለቃዬ ስብሰባ ላይ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ መጣ። በፍቅርተ መታወቂያ፣ ከስድስት ዓመት በፊት፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ሱቅ የወጣ መስመር ነው።

የሱቁ ባለቤት ከሊድ ነው። ሲም ይሸጣል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ የስልክ መስታወት ይቀይራል። ከጀርባው የመታወቂያ ቅጂ ተከምሯል። ይሄኔ ሌላ ተጠርጣሪ ያገኘሁ መሰለኝ፤ የሰው መታወቂያ በእጁ ያለ ሰው በማን ስም መስመር ማውጣት ያቅተዋል?

«ይሄ ሁሉ የማን ነው?» አልኩ፣ ክምሩን እያሳየሁ።

«ዋላሂ ቦስ፣ ሰዎች ኮፒ ያነሱና ይረሱታል! አልጥለው፣ ያሳዝነኛል። አላቃጥለው፣ ጭስ ነው።»

«የፍቅርተን መታወቂያ ተጠቅመህ መስመር አውጥተሃል።»

ከሊድ ክፉኛ ተቆጣ። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። መስመሩ ሲወጣ የተነሳ ፎቶ አለ። ፍቅርተ ራሷ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ቲሸርት ለብሳ የምትስቅ።

«ያኔ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ይዛ ትመጣ ነበር» አለ። «የማትስቅለት ሰው አልነበረም። አሁን እኔ ሌባ ሆንኩ?»

ደውዬ ጠራኋት። ቤቷ ቅርብ ነው፤ ከልጇ ጋር መጣች። ሀሴት የትምህርት ቤት ሹራቧን ለብሳለች፤ እናቷን ፖሊስ ሲጠራ ብቻዋን አልሰድም ብላ ነው። ፍቅርተ ፎቶውን አየችና በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

«ናፍቆት ለምትባል ስደተኛ ያወጣሁት ነው» አለች። «ረስቼው! በእግዚአብሔር ስም፣ ረስቼው ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ስደተኛ ይመጣል፤ ወረቀት የለውም። ወረቀት ከሌለ መስመር አይሰጥም። መስመር ከሌለ ደግሞ ናይሮቢ ውስጥ እንኳን ቤት ኪራይ፣ ማንጎ መግዛትም መከራ ነው፤ ገንዘቡ ሁሉ በስልክ ነው የሚሄደው። ስለዚህ መታወቂያ ያለው ለሌለው በስሙ ያወጣለታል። እንደ ጽድቅ ነው የሚቆጠረው። እኛ ፖሊሶች ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው እንላለን።

«ማሚ፣ ሲሪየስሊ?» አለች ሀሴት። «ያ እኮ ኢሊጋል ነው!»

«ኢሊጋል መሆኑን ፖሊሱ ይንገረኝ፤ አንቺ ዝም በይ!»

«ኢሊጋል ነው» አልኩ እኔ፣ ንዴቴ መጥቶ። «ተሰረቅሁ ብለሽ መጣሽ። ስምሽን ስታድይው የኖርሽው አንቺ! የዘጋሻቸው የማታውቂያቸው መስመሮችስ? እነሱም የዚያን ጊዜ ናቸው?»

«ያወጣሁላቸው ሰዎች ሁሉ ውጭ አገር ሄደዋል። ቁጥሮቹን ሳያቸው የሌባ መሰሉኝ፣ ደነገጥኩ።» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ናፍቆት ካናዳ ነው ያለችው፤ ከሄደች ቆየች።»

«እንግዲያው ካናዳ ሆና ነው በየቀኑ ስትበደር የኖረችው?»

ሀሴት እኛ ስንጨቃጨቅ ስልኳን አውጥታ ናፍቆትን በፌስቡክ ፈልጋ አግኝታት ነበር። መልእክት ላከችላት። የናፍቆት ድምፅ ሐሙስ ጠዋት መጣ፣ ከኋላው ሕፃን ያለቅሳል።

«እትዬ ፍቅርተ፣ በሞትኩት! ምን ሆንሽብኝ? እኔ እኮ ስሄድ እንደ ሁሉም ሰው ዕቃዬን አከፋፈልኩ። ፍራሹን ለሙሉነሽ፣ ምድጃውን ለሠርክ፣ ሲሙን ለወርቂቱ። ያ መስመር በአንቺ ስም እንደሆነ ትዝ ያለኝ አሁን ነው፤ የእኔ ነበር የሚመስለኝ። ወርቂቱ ሁርሊንግሃም ሰፈር፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጓሮ አትክልት ትሸጣለች። ስደውልላት አልሠራ ብሎኝ፣ የሞተች መስሎኝ አልቅሼ ነበር።»

እኔ በሥራ ዘመኔ ብዙ የተሰረቀ ነገር አይቻለሁ። ከፍራሽና ከምድጃ ጋር የተወረሰ ስም ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።

*

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁርሊንግሃም ሄድን። ፍቅርተ ቅሪ ብላትም አልቀረችም። ካቴናዬን ይዣለሁ፤ ከወገቤ ላይ ሲንኳኳ ራሴኑ ይሰለቸኛል። የምግብ ቤቱ ጓሮ በጎመን ቅጠል ረጥቧል። አንዲት ረዘም ያለች ሴት ቃሪያ በኪሎ እየመዘነች ነበር። ፍቅርተ ክንዴን ጨበጠችው።

«ቃሪያ የምትሸጥልኝ ሴትዮ ናት!» አለች በሹክሹክታ። «ሁልጊዜ ትመርቅልኛለች።»

«ወርቂቱ አንቺ ነሽ? ፖሊስ ነኝ» አልኩ። የስልክ ቁጥሩን አነበብኩላት።

ትሮጣለች ብዬ ነበር፤ ጉልበቴ ራሱ ፈርቶ ነበር። አልሮጠችም። ሚዛኗን አስቀመጠች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ከጡቷ መሐል በመሐረብ የተቋጠረ ገንዘብ አወጣች።

«እሰይ፣ መጣችሁ» አለች። «ተቀበሉኝ በሉ። ለማን እንደምሰጠው ጠፍቶኝ ስቃጠል ከረምኩ።»

ካቴናውን ወደ ጀርባዬ አዞርኩት።

«ተረጋጊና ንገሪኝ።»

«ጠዋት በስልኩ እበደራለሁ፤ ገበያ ወርጄ ቃሪያውን፣ ሽንኩርቱን፣ ጎመኑን እገዛለሁ። ምግብ ቤቶቹ ማታ ይከፍሉኛል፤ እኔም እዚያው እከፍላለሁ። ሁለት ዓመት! አንድ ቀን አላሳደርኩም፤ ባሳድር ጠዋት አይሰጡኝማ። አንድ ቀን ግን ጠዋት ተበድሬ፣ ሸጬ፣ ማታ ልከፍል ብል መስመሩ የለም። ሞቷል። ኔትወርክ መስሎኝ ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት።»

«ድርጅቱ ጋ አልሄድሽም?»

«ሄድኩ እንጂ! ገንዘቡን ይዤ፣ እንካችሁ አልኳቸው። የመስመሩ ባለቤት መታወቂያዋን ይዛ ትምጣ አሉኝ። ማን ናት ብላቸው፣ አንነግርሽም። ናፍቆት የምትደውልልኝ በዚያው ቁጥር ነው። ካናዳ በእግሬ ልሂድ?» ገንዘቡን ወደ እኔ ዘረጋች። «ከዚያ ወዲህ አንዲት ሴት አራጣ ታበድረኛለች፤ ትርፌን እሷ ትበላዋለች። ሦስት ምግብ ቤት አጥቻለሁ።»

«መስመሩ የሞተው መቼ ነው? አስታውሺ።»

«እንዴት እረሳለሁ? በሴቶች ቀን ማግስት። ምግብ ቤቶቹ ድግስ ስለነበረባቸው ቃሪያ አልቆባቸው፣ ብዙ የገዛሁ ቀን።»

ወደ ፍቅርተ ዞርኩ። መዞርም አላስፈለገኝም፤ የቲማቲሙ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«እኔ ነኝ» አለች። «የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ወርቂቱ ወደ ሣጥኑ ዞረች። ፊቷ ላይ መጀመሪያ አለመረዳት፣ ቀጥሎ ቁጣ መጣ።

«አንቺ? ቃሪያ እየገዛሽኝ?»

«የአንቺ መሆኑን በምን አውቃለሁ!»

«ደውለሽ አትጠይቂም? ቁጥር አይደል? ሰዎች ሲዘጉ ደውለው ማነህ አይሉም?»

ፍቅርተ ወደ እኔ ቀና አለች። ሰኞ ዕለት ደግ አድርገሻል ያልኳት እኔ ነኝ።

ፍቅርተን ወደ ጎን ወስጄ ያለውን ነገር በግልጽ ነገርኳት። ወረቀቱን ከፈለግሽ እጽፍልሻለሁ፤ በስምሽ የተበደረች ሌላ ሴት መሆኗ እውነት ነው። ስምሽ ምንም እንዳልነበረ ይጸዳል፣ ነገ ሥራሽን ታገኛለሽ። እሷን ግን አስራታለሁ። የስደተኛ ወረቀቷ ካምፕ ኑሪ ነው የሚለው፤ ከእስር ወደዚያ ነው የምትጫነው። ካልሆነ ደግሞ ዕዳውን ክፈሉት። የክፍያ ማረጋገጫ ታገኛለሽ፣ ግን መዘግየቱ ለዓመታት ከሪፖርቱ አይወጣም። የፓርክላንድስ ሰዎች ያዩታል፣ ይጠይቁሻል።

«ለሒሳብ ሥራ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ።»

«ሀሴትስ?»

ምን ልበላት? ደክሞኛል። እንዲህ ያለውን ነገር መወሰን የእኔ ሥራ ባለመሆኑ ያን ጊዜ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ነገ ጠዋት ይጠብቁኝ ብላ ሄደች፣ ወርቂቱንም ሳትሰናበት። ወርቂቱ አስረኝ አታስረኝ ሳትል ቃሪያዋን መመዘን ቀጠለች።

*

ዓርብ ጠዋት ቅጹን ጠረጴዛዬ ላይ አውጥቼ ጠበቅኋት። አልመጣችም። ምሳ ሰዓት አለፈ። ለመሄድ ስነሳ ገባች፣ እንደ ሰኞው ሳትቀመጥ።

«ከወርቂቱ ጋር ሄደን ከፈልን» አለች። «እሷ ገንዘቧን ቆጠረች፣ እኔ መታወቂያዬን አሳየሁ። ቅጣቱን እኔ ጨመርኩበት፤ ያመጣሁባት እኔ ነኝ።»

«ፓርክላንድስስ?»

«ሪፖርቱን እንዳለ ሰጠኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው።»

«ሲሙንም?»

«ሲሙንም።»

«እግዚኦ! ምን አሉሽ?»

ይሄኔ ተቀመጠች። «አለቃቸው ትልቅ ሴት ናት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። የሒሳብ ኃላፊነቱን ልሰጥሽ አልችልም፣ ደንባችን ነው አለችኝ። መጋዘን ክፍል ሰጡኝ። ደመወዙ ግማሹን አይሞላም።» ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «ፈቃዱ ግን ይታደሳል። ሀሴት ትፈተናለች።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«እንጃ። ደከመኝ።»

«እኔም» አልኳት።

ቅጹን ቀድጄ ፋይሉ ላይ «ከሳሽ ክሷን አንስታለች» ብዬ ጻፍኩ። ልሰናበታት ስል፣ አንድ ቦታ አብረውኝ ይምጡ አለች። እያነከስኩ ተከተልኳት፤ ሳውዝ ሲ፣ ወደ ከሊድ ሱቅ። ወርቂቱ ባዶ ዘንቢሏን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሁለቱ አልተሳሳሙም፤ አንገታቸውን ብቻ ነቅነቅ አደረጉ።

ፍቅርተ መታወቂያዋን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች።

«አንድ መስመር» አለችው ከሊድን።

ከሊድ መታወቂያውን አየ፣ ወርቂቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። እጁ አልተንቀሳቀሰም። ፍቅርተም ወደ እኔ ዞረች። አልለመነችኝም፤ ብቻ አየችኝ።

ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው በዚህ ሥራ።

«ከሊድ፣ ቀዝቃዛ ውኃ አለህ?»

«አለኝ፣ ቦስ፤ እዚሁ ማቀዝቀዣው ው—»

«የለህም» አልኩት። «ወጥቼ ልግዛ።»

ወጣሁ። ከመንገዱ ማዶ ካለው ኪዮስክ ውኃ ገዝቼ ቀስ ብዬ ጠጣሁ። ስመለስ ከሊድ ፎቶ አንስቶ ጨርሷል። በሩ ላይ ቆም አልኩ።

«እንድትዘጊው ቢያስፈልግሽ መጀመሪያ ደውይልኝ» ትላለች ወርቂቱ።

«እደውላለሁ። አንቺም መክፈል ቢያቅትሽ ሳይመሽ ንገሪኝ። ከእንግዲህ በየወሩ ሪፖርቱን አያለሁ።»

«ያ ሁሉ የከፈልኩትስ? የሁለት ዓመቱ?»

«አለ። እንደተጻፈ ነው፣ በስሜ። ትናንት ማታ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።» ፍቅርተ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔ ብሆን እንደዚያ አልከፍልም ነበር።»

ወርቂቱ አዲሱን ሲም ስልኳ ውስጥ ከተተች፣ ዘንቢሏን አንጠለጠለች፣ ልትወጣ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላለች።

«በይ አደራ» አለቻት። «ስማችንን እንዳታበላሺብኝ!»